ሟርት በደመወዝ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ጠዋት፣ በእናቴ ሰዓት አንድ፣ በሥራው አለቃ ሰዓት ሰባት ላይ ነው። እናቴ እስራኤል ከገባች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ፀሐይዋ ግን ዛሬም የምትወጣው በጎንደር ነው። ስለዚህ እኛ ቤት አንድ ሰው "በሁለት ሰዓት እመጣለሁ" ካለ፣ ሌላው "በማን ሁለት?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከሁለቱም እንዳልጣላ ብዬ ሁልጊዜ ቀድሜ እገኛለሁ።

የሥራ ቦታ ደኅንነት ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው እዚሁ ናታንያ፣ ከባሕሩ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ ለአንድ ረጅም ፎቅ መሠረት በሚቆፈርበት ቦታ ነው። ቁፋሮው የዶማና የአካፋ አይደለም። ቤት የሚያክል፣ በብረት ሰንሰለት የሚሄድ መሰርሰሪያ ማሽን አለ። ከረጅም ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለው ጠመዝማዛ ብረት እየዞረ መሬት ውስጥ ይገባል፣ አፈሩን ተሸክሞ ይወጣል፤ ትቶት የሚሄደው ጉድጓድ ሰው ይውጣል። የእኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት ማሽኑን እየዞርሁ ሰው እዚህ ቦታ በምን በምን ዓይነት መንገድ ሊሞት እንደሚችል ማሰብ ነው። ካሰብሁ በኋላ ደግሞ ደረጃ አወጣለሁ፦ ይኼ ይገድላል፣ ይኼ አጥንት ይሰብራል፣ ይኼ ለጊዜው ያስደነግጣል። በአማርኛ ሲጠራ ሟርት ነው። ልዩነቱ የእኔው ደመወዝ ያለው መሆኑ ነው።

ይህን ሥራ የመረጥሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በወረቀት ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ነው። እኔ አውቶቡስ ላይ የመውረጃውን ደወል ሌላ ሰው እስኪጫነው የምጠብቅ ሰው ነኝ። ማንም ካልተጫነው ዝም ብዬ እሄዳለሁ። አውቶቡሱ የሚያበቃባትን ክፋር ዮናን በደንብ የማውቃት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዘመድም ጉዳይም የለኝም እዚያ። እንዲህ ያለ ሰው ብረት በሚጮኽበት ቦታ ቆሞ "ተመለስ! ውጣ! አትንካ!" እንዲል መቅጠር በራሱ አንደኛ ደረጃ አደጋ ነው፤ ግን ማንም አልገመገመኝም።

እኛ ቤት ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም። ቢላ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ እናቴ ተነስታ ወደ መሃል ትገፋዋለች እንጂ "ይወድቃል" አትልም። መንገደኛ ሲነሳ ስለ መኪና አይወራም። ከባድ ሕመም "ያ ነገር" ነው። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት። ሆኖም ሥራዬን የተማርሁት በዕብራይስጥ ስለሆነ ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ተያይተው አያውቁም ነበር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ግን በተለያየ ደረጃ የሚወጡ ጎረቤቶች ነበሩ።

እሑድ ዕለት ደረጃው ላይ ተገናኙ።

በሳምንቱ መጀመሪያ ለሠራተኞቹ ስለ አደጋ አጭር ንግግር ማድረግ አለብኝ። ማሽኑን የሚነዳው ሳሻ ነው፤ ከማሽኑ ሥር የሚሠሩት ግን አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ናቸው። ከእነሱም ትልቁ አያ ፈረደ ናቸው። ሺኩን ቫቲኪም በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን፣ በእናቴ በኩል ደግሞ የሩቅ ሥጋ ዘመድ፤ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ከጠመዝማዛው ብረት ላይ አፈር በአካፋ የሚያራግፉ፣ ለሳሻም በእጃቸው ምልክት የሚሰጡ ሰው ናቸው። ንግግሬን በዕብራይስጥ ጀመርሁ። የሥራው አለቃ ዱዱ ሰዓቱን አየና፣

"ቤቲሑት፣" አለኝ፤ ደኅንነት ማለቱ ነው፣ ስሜን ጠርቶት አያውቅም፤ "ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። በቋንቋችሁ ንገሪያቸው።"

ኮርስ ያስተማረን ሰው የሰጠን አንድ ምክር ነበር። "አደጋን በጥቅሉ አትናገሩ። ሰው የሚሰማው ስሙ ሲጠራ ነው። ከመካከላቸው አንዱን ጥሩና በእሱ አስረዱ።" እኔም ጎበዝ ተማሪ ነበርሁ።

"ለምሳሌ፣" አልሁ በአማርኛ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ "አያ ፈረደ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው ሳለ አፈሩ ቢናድ፣ ይገባሉ። ከገቡ በኋላ አሸዋው ከላይ ይዘጋባቸዋል። ቢጮኹም አይሰማም።"

ቀና ስል አያ ፈረደ የሥራ ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ አወለቁ፤ ይኼም በደንቡ የተከለከለ ነው፤ ግን ለመናገር ጊዜው አልመሰለኝም።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ምን አደረግሁሽ?"

በዕብራይስጥ ማስጠንቀቂያ የነበረው በአማርኛ መርዶ ሆኖ አረፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ናታንያ ደግሞ ከተማይቱ ራሷ አፋፍ ላይ ናት።

ይኼ ብቻ ቢሆን በሁለት ቀን ይረሳ ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን አያ ፈረደ ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ዛፍ ነቅሎ ባዶ በተወው የእግረኛ መንገድ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸው ገባ። ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። ጉድጓዱ ድመት የሚያስተኛ ነው፤ ጉድጓድ ግን ጉድጓድ ነው። እኔ ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሷል።

"አንቺ፣ ፈረደን ገደልሽው አሉ፣" አለችኝ እናቴ በሩን ሳልዘጋ።

"እማ! ማን ሞተ?"

"እግሩ ነው።"

"እግራቸው ሞተ?"

"አትቀልጂ! ጉድጓድ ትገባለህ አልሽው፣ ገባ።"

"እኔ ያልሁት እኮ ትልቁን ጉድጓድ ነው።"

"ጭራሽ ትልቁን!" ብላ እናቴ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

በማግሥቱ ብርቱካን ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው እትየ ጥሩነሽ ናቸው። "ግቡ። አንቺ ተቀመጭ፣ አትናገሪ፣" አሉኝ። ወዲያው ሄደው የባላቸውን እግር ከእኔ ዓይን ለመሸሸግ ብርድ ልብስ ደረቡበት። እኔ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ግድግዳውን እንዳላይ ግድግዳው ላይ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ አለ፤ እነሱንም አይቼ ነገር እንዳላመጣባቸው ፈራሁ። ጉልበቴን ስመለከት አመሸሁ።

"እኔ ቂም የለኝም፣" አሉ አያ ፈረደ። "ልጅ ናት። ትምህርት ነው ያበላሻት።"

እትየ ጥሩነሽ ግን እንዲህ በቀላሉ አላለፉትም። "ይኼ ሰው በበረሃው፣ በመጠለያው፣ በስንቱ አልፎ የመጣ ነው፣" አሉኝ። "ያን ጊዜ ያልሞተ፣ አሁን ጡረታው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ በአንቺ አፍ ይለቅብኝ? ሁለተኛ ስሙን ከክፉ ጋራ አታንሺ። ማዪ።"

"ትምላለች፣" አለች እናቴ፣ በእኔ ፋንታ።

"በኦሪት ማዪ።"

ማልሁ። ድምፄ አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። እንግዲህ አስቡት፦ በሥራ ውሌ አደጋ ካየሁ መናገር ግዴታዬ ነው፤ በመሐላዬ ደግሞ አደጋው አያ ፈረደ አጠገብ ከሆነ አፌ የተዘጋ ነው። አያ ፈረደ ደግሞ የሚውሉት ከአደጋው አጠገብ ነው። ሌላ ቦታ የላቸውም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሥራ አልነበረም። ባሕሩ እንደ ታመመ ሰው እያቃሰተ አደረ። ረቡዕ ወደ ሥራ ስንመለስ አያ ፈረደ እያነከሱ መጡ፤ ዕረፍት ውሰዱ ቢባሉ እምቢ አሉ። እኔን የሚያዋራኝ ሰው ግን አልነበረም። ምሳ ስቀመጥ ከጎኔ የነበሩት ፀሐይ ፍለጋ ተነሱ፤ ፀሐይ አልነበረችም። አንዱ ጎረምሳ መሰላል ሊወጣ ሲል እንዳየሁት አይቶ ወረደና እስክሄድ ጠበቀ። ሳሻ እንኳ ማን እንደነገረው እንጃ፣ ከማሽኑ መስኮት ላይ ነጭ ሽንኩርት ሰቀለ። ሟርተኛ መሆኔ በሦስት ቋንቋ ተመሰከረ ማለት ነው።

ዱዱ ወደ ጎን ወሰደኝ። "አንቺ ስትናገሪ ሰዎቹ አይሠሩም። ምልክት ለጥፊ፣ ፈገግ በይ፣ ዝም በይ። ቤሴዴር?"

"ቤሴዴር፣" አልሁ። እሺ ማለት ነው። ዓይን አፋር ሰው ሌላ ቋንቋ ባይችል ይህን ቃል በሁሉም ቋንቋ ይችላል። ዝም አይነቅዝም የሚባለውም ለእኔ ብጤ ማጽናኛ የተባለ ይመስለኛል፤ ያለው ሰው ግን መሰርሰሪያ ማሽን አጠገብ ሠርቶ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዴ ስዞር አንድ ነገር አየሁ። ግቢው በሙሉ ኩሬ ሆኗል። አፈሩ ጭቃ፣ ጭቃው ውኃ፣ ውኃው ሰማይ የመሰለ ግራጫ ነው። በምሥራቅ ጥግ ብቻ፣ አንድ ክፍል የምታክል ቦታ ደረቅ ናት። ዝናቡ እሷን መርጦ አልተዋትም። ውኃ ወርዶባታል፤ ግን አልቆየም። የሆነ ቦታ ገብቷል።

ቀድሞ እዚያ ጥግ አሮጌ ቤት ነበር። አሮጌ ቤት ደግሞ አሮጌ የፍሳሽ ጉድጓድ አለው። ቤቱን ያፈረሱት ሰዎች ግድግዳውን ጭነው ወሰዱ እንጂ ጉድጓድ ማን ጭኖ ይሄዳል? ከምሳ በኋላ ማሽኑ የሚዛወረው ወደዚያ ነው። ዱዱ ጋ ሄድሁ።

"ዱዱ፣ እዚያ ጥግ ያለው ውኃ የት ሄደ?"

"ወደ ባሕር። ባሕሩ ያውልሽ።"

"ሌላው ለምን አልሄደም?"

"ሌላው ሰነፍ ነው፣" አለና ስልኩን አነሳ።

ሥራ የማስቆም ሥልጣን አለኝ። በወረቀት የተጻፈ፣ ማኅተም ያለው ሥልጣን ነው። እጀታ እንደሌለው ቢላ፣ ስለቱ አለ፣ መያዣው የለም። ቢሮው ደውዬ መሐንዲስ ይምጣልኝ አልሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይመጣል አሉኝ። እስከዚያ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ገመድ አምጥቼ ደረቁን ቦታ አጠርሁት። ገመድ አይናገርም፤ መሐላ አያፈርስም። ደስ አለኝ።

አያ ፈረደ እያነከሱ መጡ፣ ገመዱን በጥንቃቄ ፈቱ፣ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ከኋላቸው መልሰው አሰሩት።

"ሥራሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣" አሉኝ።

ለምን እንደ ገቡ ገብቶኛል። እግራቸው ታሟል፤ ጭቃው ያዳልጣል፤ በግቢው ውስጥ ደረቅ መሬት ያ ብቻ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ ይህን ለበሬው አስቀድሞ የነገረው ሰው ግን አለ? ሁሉም የሚዘፍንለት ከወደቀ በኋላ ነው። እኔም በሬውን ሳላስደነግጥ፣ ገደል የሚለውንም ሳልጠራ ከሳሩ ላይ ላነሳው ሞከርሁ።

"አያ ፈረደ፣ ቁርስ በልተዋል?"

"በልቻለሁ።"

"እዚያ ማዶ ሄደው ቢበሉስ?"

"በልቻለሁ አልሁሽ እኮ።"

"ሻይስ? እናቴ የላከችው ሻይ አለኝ፣ በሩ ጋ።"

"አምጭልኛ።"

"እዚያ ነው የሚጣፍጠው።"

አካፋቸውን ተደግፈው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?"

"ምንም፣" አልሁ።

ማሽኑ ተነሳ። መሐንዲሱ አልመጣም። ሳሻ ሰንሰለቶቹን እያንኮሻኮሸ፣ ያ የሚያስጠላ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ቲው ቲው እያለ ወደ ጥጉ መጣ። ዱዱ ጋ ሮጬ "አቁምልኝ" አልሁት፤ ስልኩን በጆሮው እንደያዘ በእጁ "ቆይ" አለኝ። ወደ ሳሻ እጄን አውለበለብሁ፤ ሰላም ያልሁት መስሎት እሱም አውለበለበልኝ። ከዚያ ወደ አያ ፈረደ እግር ዓይኔ ሄደ። ጫማቸው ዙሪያ ያለው አፈር፣ ዱቄት በወንፊት ሲነፋ እንደሚያደርገው፣ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይፈስሳል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አዙረው "ና፣ ና" እያሉ በእጃቸው ይጠራሉ።

በዕድሜዬ ጮኼ አላውቅም። ስወለድ እንኳ አልጮኸችም ትላለች እናቴ፤ ሐኪሞቹ ደንግጠው ነበር።

"አያ ፈረደ!" አልሁ። "ይሞታሉ!"

ድምፁ የእኔ አልመሰለኝም። ስማቸውም አለበት፣ ሞትም አለበት፤ ከዚህ የከፋ ሟርት ተፈልጎ አይገኝም። አያ ፈረደ ደርቀው ቀሩ። ቀስ ብለው ዞሩ። ፊታቸው ጠቆረ። አካፋቸውን መሬት ላይ ጣሉና ገመዱን በጥሰው፣ በታመመ እግራቸው እየተወላከፉ፣ ጣታቸውን ቀስረው ወደ እኔ መጡ።

"ማልሽ! እኔ ቤት ተቀምጠሽ፣ ሻዬን ጠጥተሽ፣ በኦሪት ማልሽ! አንቺ የማን..."

የማን ልጅ እንደሆንሁ ሳይጨርሱት ከኋላቸው መሬቱ እንደ ራበው ሆድ አጉረመረመ። ደረቁ ቦታ ጠፋ። እሳቸው ቆመውበት የነበረው፣ አካፋው የወደቀበት፣ ገመዱ የታሰረበት እንጨት፣ ሁሉም አብሮ ወረደ። የማሽኑ የፊት ሰንሰለት ጠርዙ ላይ ሰመጠ፣ ረጅሙ ምሰሶ ጎንበስ አለ፣ ቆመ። ሳሻ ነጭ ሽንኩርቱን ይዞ ዘለለ።

ከዚያ ባሕሩ ተሰማ። በዚያ ግቢ ውስጥ ባሕሩን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አያ ፈረደ ጉድጓዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ምስጋና መጠበቄን አልደብቅም፤ እንዴት እንደምመልስ እንኳ አስቤ ነበር፤ "ኧረ ምንም አይደል" ልል ነው።

"አካፋዬ፣" አሉ።

ያን ቀን በእግሬ፣ በባሕሩ ዳር መንገድ ሄጄ ቤት ገባሁ። ንፋሱ ዣንጥላዬን ገለበጠው፤ አላቃናሁትም።

"ስሙን ጠርታ መሬቱን ከፈተችው አሉ፣" አለችኝ እናቴ። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፣ የድካም ነበር።

"እማ፣ አዳንኋቸው እኮ።"

"ባትናገሪ ኖሮ መቼ ይከፈት ነበር?"

ጉድጓዱ እኔ ከመወለዴ በፊት እዚያ እንደነበረ፣ ውኃው እንደ ነገረኝ፣ ይህን ሁሉ ማስረዳት ይቻል ነበር። ግን ለእናቴ የታያት እኔ ስጮኽና መሬት ሲወርድ ነው። የተቀጠርሁበት ሥራ እንዲህ ነው፤ ያልመጣ ሞት ምስክር የለውም። እትየ ጥሩነሽ ባላቸውን ያን ምሽት እራት አብልተው አስተኝተዋል፤ ከእኔ ጋር ግን አይነጋገሩም። ከሰላምታቸውና ከባላቸው ሕይወት አንዱን ምረጪ ብባል የምመርጠው ሕይወቱን ነው፤ ቢሆንም አለቀስሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስደርስ ሠራተኞቹ ሁሉ ከበሩ ውጭ ቆመዋል። ማሽኑ በወፍራም ገመድ ታስሯል፣ ቁፋሮውም እስኪመረመር ታግዷል፤ የቀረው ሥራ በምዕራብ በኩል ያለውን ዕቃ መሰብሰብ ብቻ ነው። መሐንዲሱ ያን በኩል ደኅና ነው ብሎ ፈርሟል። እነሱ ግን አይገቡም። ዱዱ "ዳይ! በቃ፣ ግቡ!" እያለ ይጮኻል። ሲያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ።

አያ ፈረደ ወደ ፊት ወጡ።

"አንቺ ልጅ፣" አሉኝ፤ "ያልሽው ሁሉ ከደረሰ፣ እስቲ ዛሬ ደግ ነገር በይ። 'ምንም አትሆኑም' በይንና እንገባለን።"

ሌሎቹም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ለአሜን ተዘጋጁ። ልጅ ሽማግሌ መርቃ አታውቅም፤ ይኼም በእኔ ተጀመረ።

"በያቸው!" አለኝ ዱዱ። "ምን ችግር አለው?"

እንድናገር ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበር። አፌን ከፈትሁ። በሙያዬ አንድ የተከለከለ ቃል ቢኖር ይኸው ነው፤ ምንም አትሆኑም። ብላቸው ያምኑኛል። ካመኑኝ ደግሞ እግራቸው በመራቸው ይረግጣሉ፣ ወደ ተከለከለው ጥግ እንኳ አካፋ ፍለጋ ይሄዳሉ። የሁሉም ዓይን ዓይኔ ላይ ነው። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

በሩ ላይ ተደግፎ የቆመ ረጅም የብረት ዘንግ ነበር። አነሳሁት። "ይቅርታ" ብዬ በአያ ፈረደ ፊት አለፍሁ፤ ከሽማግሌ ቀድሞ በር መግባት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። መሬቱን በዘንጉ እየወጋሁ፣ እያደመጥሁ፣ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ሄድሁ። ከኋላዬ አንድ ከባድ፣ አንድ ቀላል የእግር ድምፅ መጣ።

ዞር ስል አያ ፈረደ ናቸው፤ ዱካዬን እየፈለጉ፣ እግሬ ያረፈበትን ብቻ እየመረጡ ይረግጣሉ። ሌሎቹም ተሰልፈው በእሳቸው ዱካ ይከተላሉ።

"ቀስ በይ እንጂ፣" አሉኝ ዓይናቸውን ከመሬቱ ሳያነሱ። "ደግሞ እግርሽ ትንሽ ነው። ሰፋ አድርገሽ ርገጪልን።"